ጆሯችን ላይ የምንሰካው ሙዚቃ ከየት መጣ? ከዎክማን እስከ ስልካችን

እህቴ፣ ይሄ ጽሑፍ ለአንቺ ነው። ወንድሜ፣ አንተም ብትሆን ይሄ ጽሑፍ ለአንተም ነው። በዚህች መጽሔታችን ስለ ኢቃማ፣ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሐኪም ቤት ብዙ ሲጻፍ አንብበናል። እኔ ዛሬ ይዤ የመጣሁት ቀለል ያለ የሚመስል ነገር ነው። እሑድ እሑድ ኮርኒሽ ላይ ስንራመድ ወይም ስንሮጥ ጆሯችን ላይ ስለምንሰካው ኢርፎን ነው የማወራሽ። ቀላል ይመስላል እንጂ ቀላል አይደለም። ፍርድ ቤት ደርሷል፣ በሕግ ተከልክሏል፣ የዓለም ሪከርድም በሙዚቃ ታግዞ ተሰብሯል፤ ያውም በእኛው ሰው። ሰው ቤት ለምንኖር ደግሞ የተለየ ትርጉም አለው። እሱን መጨረሻ ላይ እመጣበታለሁ፤ መጀመሪያ ታሪኩን ልንገርሽ። ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ድሮም ሙዚቃና ጉልበት አይለያዩም

ሙዚቃ ድካም እንደሚያቀል ለእኛ ለአበሾች አስተማሪ አያስፈልገንም። ገጠር ያደግሽ ከሆነ ደቦ ታውቂያለሽ። አጨዳ ላይ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ማጭዱም ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይሄዳል። አውድማ ላይ በሬ ሲነዳም ይዘፈናል። ሁለት ሴቶች አንድ ሙቀጫ ላይ ሲወቅጡ ዘነዘናቸው የማይጋጨው ምቱን ስለሚጠብቁ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዢልኝ፤ ያ ሙዚቃ የብዙ ሰው ነው። ለብቻው የሚሰማው የለም።

ፈረንጆቹም ይህን ነገር በጥናት አይተውታል። በ1911 ሊዮናርድ አይረስ የሚባል አሜሪካዊ የብስክሌት ተወዳዳሪዎችን ተመልክቶ፣ የሙዚቃ ባንድ ሲጫወት ፍጥነታቸው እንደሚጨምር፣ ዝም ሲል ደግሞ እንደሚቀንስ ጻፈ። ያኔም ሙዚቃው የሁሉም ነበር። ባንዱ አንድ ቦታ ቆሞ ይነፋል፣ ሰው ሁሉ ይሰማል።

ሙዚቃ ከሰው ጋር መንቀሳቀስ የጀመረው ትራንዚስተር ሬዲዮ ሲመጣ ነው። በ1954 አሜሪካ ውስጥ ሬጀንሲ የሚባል በኪስ የሚያዝ ሬዲዮ ለገበያ ቀረበ። ለአንድ ጆሮ የሚሆን ማዳመጫም ይሰካበት ነበር። ትራንዚስተርን እኛም አገር እናውቀዋለን፤ ገበሬው ትከሻው ላይ አድርጎት ገበያ ይወርዳል፣ እረኛውም ድንጋይ ላይ አስቀምጦ ይሰማዋል። ነገር ግን ሬዲዮ የሚያሰማሽ ጣቢያው የመረጠውን ነው። አንቺ የመረጥሽውን ይዘሽ መውጣት ገና አልመጣም ነበር።

መጀመሪያ ያሰበው ሰው

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የማያውቀው ታሪክ አለ። አንድሪያስ ፓቬል ይባላል። ጀርመን ተወልዶ ብራዚል ያደገ ሰው ነው። በ1972 ስዊዘርላንድ ተራራ ላይ፣ በረዶ እየጣለ፣ ከወዳጁ ጋር ሆኖ ራሱ የሠራውን መሣሪያ ሞከረው። ወገብ ላይ እንደ ቀበቶ የሚታሰር ካሴት ማጫወቻና ጆሮ ላይ የሚደረግ ማዳመጫ ነበር። ስሙንም ስቴሪዮቤልት አለው። ከዚያ መሣሪያውን ይዞ ትልልቅ ኩባንያዎች ዘንድ ሄደ። ሁሉም መለሱት። ሰው ጆሮው ላይ ነገር ደፍቶ መንገድ ለመንገድ የሚሄደው አብዶ ነው ወይ ብለው አሰቡ። እሱ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ በ1977 ጣሊያን አገር የፈጠራ ባለቤትነቱን አስመዘገበ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሶኒ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ ዎክማንን ሲያወጣ፣ ፓቬል ያ የእኔ ሐሳብ ነው ብሎ ተነሣ። ክርክሩ ከ20 ዓመት በላይ ፈጀ። እንግሊዝ አገር ፍርድ ቤት ተሸንፎ በወጪ ብዛት ሊከስር ደርሶ ነበር። መጨረሻ ላይ ኩባንያው ከፍርድ ቤት ውጪ ተስማምቶ ካሰው። ይህን ሳነብ የእኛን ነገር አሰብኩ። ያ ሰው ወረቀቱን አስመዝግቦ ባያስቀምጥ ኖሮ ማን ይሰማው ነበር? ኮንትራትሽን ፎቶ አንሥተሽ አስቀምጪ የምንልሽ ለዚህ ነው።

ዎክማን እንዴት ተወለደ

የሶኒው ታሪክ ደግሞ እንዲህ ነው። ከኩባንያው መሥራቾች አንዱ ማሳሩ ኢቡካ በአውሮፕላን ረጅም መንገድ ሲሄድ ሙዚቃ መስማት ይወዳል። ግን የሚይዘው መሣሪያ ከባድ ነው። ቀለል ያለ ሥሩልኝ አለ። መሐንዲሶቹ ጋዜጠኞች ድምፅ የሚቀርጹበትን ትንሽ መሣሪያ ወሰዱና መቅረጫውን አውጥተው ጥራት ያለው ማጫወቻ አስገቡበት። ሌላው መሥራች አኪዮ ሞሪታ ሲያየው ወደደው። ሠራተኞቹ ግን ተጠራጠሩ። የማይቀርጽ ካሴት ማጫወቻ ማን ይገዛል አሉ። ሞሪታ ይህ ነገር 30,000 ካልተሸጠ ከሊቀመንበርነቴ እወርዳለሁ ብሎ ገፋበት።

ሐምሌ መጀመሪያ 1979 ጃፓን ውስጥ በ33,000 የን ለገበያ ወጣ። በሁለት የባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ አይሞላም። ለማስተዋወቅ ጋዜጠኞችን ቶኪዮ ውስጥ ዮዮጊ ወደሚባል መናፈሻ ወሰዷቸው። እዚያ ወጣቶች ዎክማን አድርገው ብስክሌት ሲነዱና በጫማ ጎማ ሲንሸራተቱ አሳዩአቸው። ልብ በይ፣ ይህ መሣሪያ ገና ከመጀመሪያው ቀን የቀረበው ቁጭ ብለው የሚሰሙት ተብሎ ሳይሆን እየተንቀሳቀሱ የሚሰሙት ተብሎ ነው። መጀመሪያ ገበያው ቀዝቅዞ ነበር። ከዚያ ወጣቶች ለወጣቶች አወሩና ነሐሴ ሳያልቅ ያ የተሠራው ሁሉ አለቀ።

አንድ ደስ የሚል ነገር ደግሞ አለ። ሞሪታ የመጀመሪያውን ዎክማን ቤቱ ወስዶ ሲሞክር ሚስቱ ተናደደች። ባሏ አጠገቧ ቁጭ ብሎ እሷን አይሰማትም፤ በር የተዘጋባት ያህል ተሰማት። ስለዚህ ሞሪታ ሁለት ሰው አብሮ የሚሰማበት ሁለት መሰኪያ ቀዳዳ ይኑረው አለ። ማውራት ሲፈልጉ ሙዚቃውን ዝቅ አድርጎ በማይክ የሚያነጋግር ብርቱካንማ ቁልፍም ተጨመረበት። ሰው ግን በሁለት ቀዳዳ ብዙም አልተጠቀመበትም። የገዛው ሁሉ ለብቻው ነበር የፈለገው። በኋላ የወጡት ዎክማኖች አንድ ቀዳዳ ብቻ ሆኑ። ይህንንም ያዢልኝ።

ሯጮቹ እጅ ሲገባ

ዎክማን አሜሪካ የደረሰው በ1980 ነው። ጊዜው ደግሞ ገጠመለት። ያኔ አሜሪካ ውስጥ ሰው ሁሉ ለጤናው ብሎ መንገድ ላይ መሮጥ የጀመረበት ዘመን ነበር። በ1982 ደግሞ ተዋናይቷ ጄን ፎንዳ የስፖርት ቪዲዮዋን አወጣች፤ በሙዚቃ እየተመሩ ሰውነት ማንቀሳቀስ የቤት እመቤቶች ሁሉ ነገር ሆነ። በ1983 ሶኒ ቢጫ ቀለም ያለው፣ ላብና ውኃ የሚችል የስፖርት ዎክማን አወጣ።

ወዲያው ክልከላም መጣ። በ1982 ኒው ጀርሲ ውስጥ ውድብሪጅ የሚባል ከተማ ማዳመጫ አድርጎ መንገድ መሻገርን በሕግ ከለከለ። ምክንያቱም ሰው መኪና አይሰማም የሚል ነው። ያኔ ብዙ ተሳቀበት። እኔ ግን የቤይሩትን ሞተር ሳይክል ስላየሁ አልስቅም።

በ1984 የሲዲ ማጫወቻ መጣ። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ለሯጭ ግን አልሆነም፣ ስትሮጪ ሲዲው ይዘላል። መፍትሔው የመጣው ሙዚቃው ራሱ የሚሽከረከር ነገር ሲያጣ ነው። በ1998 አንድ የኮሪያ ኩባንያ ኤምፒማን የሚባል ካሴትም ሲዲም የሌለው ማጫወቻ አወጣ። በ2001 አፕል አይፖድን ይዞ መጣ፤ 1,000 ዘፈን ኪስሽ ውስጥ ይገባል ብሎ። በ2005 መጀመሪያ ደግሞ አይፖድ ሸፍል ወጣ፤ ስክሪን የለውም፣ ክብደቱ 22 ግራም ብቻ ነው። በ2006 አፕልና ናይኪ ተባብረው ጫማ ውስጥ የሚገባና የሮጥሽውን ርቀት በጆሮሽ የሚነግርሽ መሣሪያ ሠሩ። ከዚያ በኋላ ሁሉንም ስልክ ዋጣቸው። አይፖድ ራሱ በ2022 መሠራቱ ቆመ።

እኛ አገር ይህ ሁሉ በተራ በተራ አልደረሰም። ከካሴት ወደ ሚሞሪ ዘለን ነው የሄድነው። ካሴቱን በእስክርቢቶ ማጠንጠን፣ የደከመውን የባትሪ ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ታስታውሻለሽ? ደሴ ሰፈራችን ዎክማን የነበረው ልጅ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ለአንድ ዘፈን ተራ ያሲዘን ነበር። ከዚያ የቻይና ስልክ መጣና ሁላችንም ሙዚቃ ቤት ሄደን በሚሞሪ ዘፈን ማስጫን ጀመርን።

የኃይሌ ሪከርድና የፈረንጅ ዘፈን

አሁን ወደ እኛው ሰው ልምጣ። የካቲት 1998፣ እንግሊዝ አገር፣ በርሚንግሃም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በቤት ውስጥ ውድድር 2,000 ሜትር ሊሮጥ ነው። ስታዲየሙ ውስጥ በድምፅ ማጉያ ስካትማን የሚባለው ዘፈን ተለቀቀ። ፈጣን ነው፣ ምቱ አይወላገድም። ኃይሌ እርምጃውን ከምቱ ጋር አስማምቶ በ4 ደቂቃ ከ52.86 ሰከንድ ገባና የዓለም ሪከርድ ሰበረ። የዘፈኑ ባለቤት ስካትማን ጆን ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚንተባተብ ሰው ነበር፤ ያንን መንተባተቡን ነው ዘፈን ያደረገው። አንዱ የምላሱን ችግር ዘፈን አደረገ፣ ሌላው ያንን ዘፈን እግሩ ላይ አደረገ።

ግን እዚህ ላይ ጥያቄ ይነሣል። ሙዚቃ ይህን ያህል የሚረዳ ከሆነ ለሌላው ተወዳዳሪ ማዳላት አይሆንም? ኃይሌ የሮጠበት ዘፈን በድምፅ ማጉያ ስለሆነ ሁሉም ተወዳዳሪ ሰምቶታል። በጆሮ የሚሰካው ግን የግል ነው። የአትሌቲክስ ሕግ ሬዲዮም ሆነ ስልክ ይዞ መወዳደርን ይከለክላል። የአሜሪካ አትሌቲክስ ፌዴሬሽን በ2007 ማዳመጫ ለሁሉም ሯጭ ይከልከል አለ። ብዙ ተራ ሯጮች ተቆጡ፤ እኛ ሜዳሊያ አንፈልግ፣ ሙዚቃችንን ምን አደረጋችሁት አሉ። በ2008 መጨረሻ ሕጉ ተሻሻለና ክልከላው ለሽልማትና ለሻምፒዮና በሚሮጡት ላይ ብቻ ሆነ።

ለንደን ብሩነል ዩኒቨርሲቲ ኮስታስ ካራጆርጊስ የሚባሉ ተመራማሪ ይህን ነገር ለብዙ ዓመት አጥንተዋል። ያገኙትን በአጭሩ ልንገርሽ። ስትራመጂ ወይም ቀስ ብለሽ ስትሮጪ ሙዚቃ ድካሙን ከአእምሮሽ ያርቀዋል። በደቂቃ ከ120 እስከ 140 ምት ያለው ዘፈን ለስፖርት ይስማማል። ነገር ግን እስከ መጨረሻው አቅምሽ ስትሮጪ ሙዚቃ ድካሙን ሊደብቅልሽ አይችልም፤ ሰውነት ራሱ ጮኾ ይናገራል። አበበ ቢቂላም በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ ጆሮው ላይ ምንም አልነበረም።

እሺ፣ ለእኛ ምኑ ነው?

አሁን ቃል ወደገባሁልሽ ልምጣ። ሰው ቤት የምትኖር ሴት የራሷ የሆነ ምን አላት? የምትተኛበት በረንዳ ወይም ኩሽና አጠገብ ያለ ጠባብ ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ቁልፍ የለውም። ቀኑን ሙሉ የምትሰሚው የሰው ቴሌቪዥን ነው፣ የሰው ልጅ ለቅሶ ነው፣ ስምሽን ሲጠሩ ነው። ሌሊት እንኳን ስትተኚ አንዱ ጆሮሽ ነቅቶ ነው የሚያድረው፤ አሮጊቷ ከተጣራች፣ ሕፃኑ ከነቃ ብለሽ። እጃችንና እግራችን ብቻ አይደለም የተቀጠረው። ጆሯችንም ተቀጥሮ ይውላል።

እሑድ ስትወጪና ያንን ኢርፎን ስትሰኪ ጆሮሽ ከሥራ ወጣ ማለት ነው። የሞሪታን ሚስት ያናደዳት ነገር እኮ ይኸው ነው፤ መሣሪያው አሁን እዚህ የለሁም ይላል። ባል ለሚስቱ ሲያደርገው ንቀት ይመስላል። ስድስት ቀን ሙሉ አቤት ስትል የቆየች ሴት ስታደርገው ግን እረፍት ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሰው እነዚህ ልጆች ጆሯቸውን ደፍነው ይሄዳሉ፣ ሰላምታም አያውቁም ሲል አትፈሪ። በዚያ ሰዓት ጆሮሽ የአንቺ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ኮርኒሽ ላይ ከዓይን ምሬሴ እስከ ራውሼ ስትሄጂ ከመኪና ውስጥ ስንት ነገር ነው የሚወረወርብሽ? ስንት ብር ነው የሚሉሽ አሉ፣ በቀለምሽ የሚሰድቡሽ አሉ። ብዙዎቻችን ኢርፎኑን የምንሰካው ምንም ሳንከፍት ነው። እየሰማን ያልሰማን ለመምሰል። ዎክማንን የሠሩት ሰዎች ይህን አገልግሎት አላሰቡትም፤ እኛ ነን የጨመርንበት።

ግን ጥበቃ የሚመስለው ነገር ጉዳትም አለው። ባዶውን ከሆነ ጥሩ፣ ሁሉንም ትሰሚያለሽ። ሙዚቃው ሁለቱንም ጆሮሽን ሞልቶ ከሆነ ግን ከኋላሽ የሚመጣውን ሞተርም፣ የሚከተልሽንም ሰው አትሰሚም። የውድብሪጅ ከተማ ሰዎች ሞኞች አልነበሩም።

ጆሮውም ራሱ ያልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው 80 ዴሲቤል የሆነ ድምፅ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት ብትሰሚ ደህና ነው። ወደ 90 ካደረስሽው ግን በሳምንት 4 ሰዓት ብቻ ነው የሚበቃሽ። ድምፁ ትንሽ ከፍ ሲል ሰዓቱ በጣም ይቀንሳል ማለት ነው። አንዴ የተጎዳ ጆሮ ደግሞ አይመለስም። መንገድ ላይ የመኪናው ጩኸት እንዳይሰማን ብለን የምናደርገው መጨመር ነው የሚጎዳን። ድምፁን ከግማሽ ትንሽ ከፍ አድርጊውና ተይው። አጠገብሽ ያለ ሰው ዘፈንሽን ከሰማው በዝቷል። ከኢርፎኑ በኋላ ጆሮሽ ውስጥ ጭው የሚል ነገር ካለ እረፍት ስጪው፤ ካልተወሽ ለማህበሩ ንገሪና ሐኪም የምታገኚበትን መንገድ እንፈልጋለን።

ሁለቱ ቀዳዳዎች

ቅድም ሁለት ነገር ያዢልኝ ብዬሽ ነበር። አንዱ የደቦው ነው፤ ሙዚቃ የብዙ ሰው እንደነበረ። ሌላው የሞሪታ ሁለት ቀዳዳ ነው፤ ገበያ ላይ ሰው ያልፈለገው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወይም ጓደኛሞች ተገናኝተው ሲራመዱ እዪ። ሁለት ልጆች አንድ ሽቦ ይካፈላሉ። ቀኙ ለአንቺ፣ ግራው ለእኔ። እርምጃቸው ሳያውቁት አንድ ይሆናል፣ ሽቦው አጭር ስለሆነ መራራቅ አይችሉም። እኔ ይህንን ነገር ሳይ ደቦም ዎክማንም አንድ ላይ የተገናኙ ይመስለኛል። ሀብታሞቹ የተዉትን ሁለተኛ ቀዳዳ እኛ በድህነታችን መልሰን ከፈትነው። ደግሞም ከሁሉ የሚሻለው አጠቃቀም ይኸው ነው። አንድ ጆሮሽ ዘፈን ይሰማል፣ ሌላው ለመንገዱ ክፍት ነው፣ አጠገብሽም ሰው አለ። ብቻሽን ብትሄጂም አንዱን ብቻ ሰክተሽ በመንገዱ በኩል ያለውን ጆሮ ክፍት ተይው። ከመሸም ከሆነ ሙሉ በሙሉ አውልቂው።

ይህች ከተማ በየዓመቱ ማራቶን ታዘጋጅ ነበር፤ ከ2003 ጀምሮ። ኢትዮጵያውያን ደጋግመው አሸንፈውበታል። ለእነሱ መንገድ ይዘጋል፣ ይጨበጨባል። እኛ በዚያው አስፋልት እሑድ ጠዋት ስንሮጥ ማንም አያጨበጭብልንም። ግን እግሩ ያው እግር ነው፣ ምቱም ያው ምት ነው።

የመጨረሻው ነገር ይኸው ነው። አዲስ ከመጡት እህቶቻችን ስልካቸው የተወሰደባቸው አሉ። ሲም የሌለው፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክም ቢሆን ዘፈን፣ መዝሙርም ሆነ መንዙማ እስካጫወተ ድረስ ሙሉ ዎክማን ነው፤ ዎክማን ራሱ መደወል አይችልም ነበር። አንቺ ጋ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ አሮጌ ስልክ፣ ሚሞሪ ወይም የማትጠቀሚበት ኢርፎን ካለ በሚቀጥለው እሑድ ወደ ማህበሩ ይዘሽው ነይ። ዘፈን የሚጭኑ ልጆች አሉን። ኢርፎኑ ባለ ሽቦው ቢሆን ይመረጣል፤ ምክንያቱን አሁን ታውቂዋለሽ።